ድንቅነሽ ለትርኢት ከአገር መውጣት ይገባታልን? በባሕር ዳር የመምህራንና የአንባቢያን ቡድን የተካሄደ ክርክር

አወያይ (ጡረተኛ የታሪክ መምህር)፦

የተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፣ የዚህ ሳምንት መከራከሪያ የሚከተለው ነው። ሉሲ በመባልም የምትታወቀው ድንቅነሽና የዚያው ዝርያ ሕፃን ቅሪተ አካል የሆነችው ሰላም ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በቼክ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ በፕራግ፣ በብሔራዊ ሙዚየሙ ውስጥ ለ60 ቀናት እንዲታዩ ለሕዝብ ቀርበዋል። ድንቅነሽ ቀደም ሲልም እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 በአሜሪካ ከተሞች ስትታይ ቆይታ ተመልሳለች፤ በአውሮፓ ለትርኢት ስትቀርብ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ጥያቄያችን እንዲህ ያሉ ቅሪተ አካላት ለትርኢት ከአገር መውጣት ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም የሚል ነው። ስለ ዝግመተ ለውጥ እውነትነት የምንከራከርበት ሳምንት እንዳልሆነ ከወዲሁ አሳስባለሁ፤ ያንን በር ከከፈትነው እስከ ጥምቀት አንዘጋውም።

ለነገሩ ያህል አንድ ትዝታ ልጨምር። ድንቅነሽ በአፋር ምድር ሐዳር ላይ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት የተረሸኑት በዋዜማው ስለነበር፣ በዚያ ሰሞን በየቤቱ የሚወራው ስለ ሌላ አስከሬን ነበር። እኔም ስለ እርሷ የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

የአብነት መምህር፦

አወያያችን በሩን እንዳንከፍት ስላሳሰቡን አመሰግናለሁ፤ ሳይንሱ ስለ ድንቅነሽ የሚለውን ለባለቤቶቹ ትቼ ስለ አደራ ብቻ እናገራለሁ። ከዚህ ከተማ በጀልባ ተነሥቶ ወደ ደጋ እስጢፋኖስ የተሻገረ ሰው፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አፅም ከሌሎች ነገሥታት አፅም ጋር በክብር ተቀምጦ ያገኛል። አባቶች ለዘመናት ሲጠብቁት የኖሩት «ማየት የሚፈልግ ይምጣ፤ እኛ ግን አፅም ይዘን በየአገሩ አንዞርም» በሚል ጽኑ አቋም ነው። እንግዳው ማዕበሉን ታግሦ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይገባል። ያየውን ነገር ክብደት የሚያውቀውም ስለ ደከመበት ነው።

ድንቅነሽ በእናንተ አነጋገር የሰው ዘር ሁሉ ቅድመ አያት ከሆነች፣ ከነገሥታቱ ያነሰ ክብር የሚሰጣት በምን ምክንያት ነው? አያቱን በሣጥን አሽጎ፣ ለሌላ ሰው ግብዣ ማድመቂያ የሚልክ ቤተሰብ አላውቅም።

አስጎብኚው፦

የኔታ፣ ቃልዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን «ማየት የሚፈልግ ይምጣ» ማለት የሚቻለው የሚመጣ ሰው ሲኖር ነው። እኔ በጣና ላይ ከ20 ዓመት በላይ እንግዳ ያመላለስኩ ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ ወደ ዘጌ ያሻገርኳት አሜሪካዊት አዛውንት፣ ድንቅነሽን ሂውስተን ላይ ካየች በኋላ ስለ ኢትዮጵያ ማንበብ እንደጀመረች፣ ከንባቡም የተነሣ እስከዚህ ድረስ እንደመጣች ነግራኛለች። ሐዳር ከዚህ እጅግ ሩቅ መሆኑን ስነግራት፣ እርሱንማ ታውቃለች፤ የፈለገችው አገሩን ነበር። እንግዲህ ያ አፅም ባይሄድ ኖሮ ያቺ ሴት ዘጌን በምን ታውቃለች? ጀልባዎቻችን ወደብ ላይ ታስረው በሚውሉበት በዚህ ጊዜ፣ ስለ አገራችን በጎ ነገር የሚናገር አንድ አምባሳደር አለን፤ እርሷም ቁመቷ ከአንድ ሜትር ከአሥር የማይበልጥ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ሴት ናት። አምባሳደርን ቤት ቆልፎ ማስቀመጥ ምን ይባላል?

የሥነ ሕይወት መምህርት፦

ከሁለታችሁም ጋር በከፊል ስለማልስማማ ጽሑፌ ቢረዝም ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ።

በመጀመሪያ ለየኔታ። በደጋ እስጢፋኖስ ያለውን አፅም በምሳሌነት ማንሣትዎ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ «ማየት የሚፈልግ ይምጣ» የሚለው ቃል እኔን አይጨምርም። ደሴቲቱ ለሴቶች የተከለከለች ስለሆነች፣ ተወልጄ ካደግሁባት ከተማ ፊት ለፊት ባለ ሐይቅ ውስጥ ያሉትን ነገሥታት ሳላያቸው ነው የኖርሁት። ይህንን የምለው ሥርዓቱን ለመንቀፍ አይደለም። ነገር ግን ጠባቂ በሞላበት ቦታ ሁሉ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ተጠብቋል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ለማን ተጠብቋል?» የሚል ጭምር መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ለወንድሜ ለአስጎብኚው። አምባሳደር ቢሞት ሌላ ይሾማል፤ ይህች ግን ብትጠፋ ምትክ የላትም። በቻይና የተገኙት፣ የፔኪንግ ሰው የሚባሉት ጥንታዊ የሰው ዘመድ ቅሪቶች እ.ኤ.አ. በ1941 ከጦርነት ይተርፉ ዘንድ ወደ አሜሪካ ሊላኩ ተጭነው መንገድ ላይ ጠፍተዋል፤ እስከ ዛሬም የገቡበት አልታወቀም። ስለ እነዚያ የራስ ቅሎች ዛሬ የምናውቀውን ያተረፈልን፣ ፍራንዝ ቫይደንራይክ የተባለው ሊቅ አስቀድሞ ያዘጋጃቸው ቅጂዎችና ዝርዝር መግለጫዎች መኖራቸው ነው። ልብ በሉ፤ እነዚያ ቅሪቶች የተላኩት ለትርኢት እንኳ አልነበረም፤ ለደኅንነታቸው ሲባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ከ20 አገሮች የተሰበሰቡ የዘርፉ ሊቃውንት፣ ቅሪተ አካላት አስገዳጅ ሳይንሳዊ ምክንያት ካልኖረ በቀር ከተገኙበት አገር እንዳይወጡ፣ ለሕዝብ ትርኢትም ቅጂዎች እንዲያገለግሉ የወሰኑት ይህንን የመሰለ ታሪክ ስለሚያውቁ ነው።

ሦስተኛ፣ ትምህርትን በተመለከተ። ዝርያዎች እንዴት እንደሚለያዩ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሳስተምር ከአፅሙ በፊት የምጠቅሰው ነጭ አሳን ነው። በጣና ውስጥ ከ15 የማያንሱ፣ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ የነጭ አሳ ዝርያዎች አሉ፤ አንዳንዱ ዓሣ በሊታ ነው፣ አንዳንዱ ከሐይቁ ግርጌ ይለቅማል፣ የአፋቸውም ቅርፅ እንደ ምግባቸው ይለያያል። ዓሣ የሚራገፍበት ወደብ ላይ ጠዋት ቆሞ ያየ ልጅ ነገሩ ይገባዋል። ዋናውን አፅም ማየት ለማስተማር ግዴታ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ራሴ በወጉ አስተምሬ አላውቅም ማለት ነው።

የፊዚክስ መምህር፦

መምህርት ያነሡት «አስገዳጅ ሳይንሳዊ ምክንያት» የሚለው ሐረግ የክርክሩ ማጠንጠኛ ይመስለኛል። ድንቅነሽ አሜሪካ በነበረችበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ለአሥር ቀናት በከፍተኛ ጥራት ሲቲ ስካን ተነሥታ ከ35,000 በላይ ምስሎች ተወስደውላታል። ከስምንት ዓመት በኋላ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ ያንን መረጃ ተጠቅመው፣ በአጥንቶቿ ላይ የሚታዩት ስብራቶች ከረጅም ዛፍ ላይ ወድቃ መሞቷን ያመለክታሉ ሲሉ ጻፉ። አግኚዋ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቲም ኋይት ግን፣ እንዲህ ያለው ስብራት ከሞት በኋላ በመሬት ውስጥ የሚደርስና በብዙ እንስሳት ቅሪት ላይ የሚታይ ነው ብለው አጥብቀው ተቃውመዋል። ማን ልክ እንደሆነ ለመፍረድ አልነሣም፤ የምለው ግን ባትጓዝ ኖሮ ክርክሩ ራሱ ባልተነሣ ነበር ነው። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ እ.ኤ.አ. በ2000 ዲኪካ ላይ ያገኛት ሰላምም በፈረንሳይ ግሬኖብል ባለው የሲንክሮትሮን (እጅግ ኃይለኛ የራጅ ጨረር የሚያመነጭ ግዙፍ መሣሪያ) ማዕከል ተነሥታለች። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጥናት፣ የእርሷ ዝርያ አእምሮ አደረጃጀቱ የቺምፓንዚን ቢመስልም እንደ ሰው ልጅ ቀስ ብሎ ያድግ እንደነበር ያሳየው በዚያ ምርመራ ምክንያት ነው። ይህንን የሚያህል መሣሪያ ወደ አዲስ አበባ ተሸክሞ ማምጣት አይቻልም። ስለዚህ ለምርመራ መሄድንና ለትርኢት መሄድን በአንድ ሚዛን ልናስቀምጣቸው አይገባም።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ድንቅነሽ ከአገር ብቻ ሳይሆን ከምድርም ወጥታለች፤ በስሟ። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2021 ያመጠቃት መንኮራኩር ሉሲ ትባላለች። የምትጓዘው በጁፒተር ምህዋር ላይ ወደሚገኙት ትሮጃን የሚባሉ አስትሮይዶች ሲሆን፣ እነዚህ ከሥርዓተ ፀሐይ መወለጃ ዘመን የተረፉ ቅሪቶች በመሆናቸው ነው ስሙ የተመረጠላት። ይህች መንኮራኩር ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ስፋቷ ከ800 ሜትር በታች በሆነች አንዲት አስትሮይድ አጠገብ አለፈች፤ የአስትሮይዷ ስም ድንቅነሽ ነው፤ ሉሲ ሳይሆን በእኛው ቋንቋ፣ ድንቅነሽ። ምስሉ ሲመጣ አስትሮይዷ ብቻዋን አልነበረችም። በሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት የምትዞራት፣ ሁለት ድንጋዮች ተነካክተው የሠሯት ትንሽ ጨረቃ ተገኘች፤ እርሷም ሰላም ተባለች። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ደግሞ መንኮራኩሯ በጆሃንሰን ስም የተሰየመውን አስትሮይድ ጎብኝታለች። ይህንን ለተማሪዎቼ ስነግር ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ስለ ኒውተን ሕግ ሳስተምር እንዲህ ያለ ጸጥታ ገጥሞኝ አያውቅም።

ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የደቡብ አፍሪካ ሁለት የጥንታዊ የሰው ዘመዶች ቅሪቶች፣ ማለትም የአውስትራሎፒቴከስ ሰዲባ ከትከሻ የሆነ አንድ አጥንትና የሆሞ ናሌዲ የአውራ ጣት አጥንት፣ በአንድ ባለጸጋ መንገደኛ እጅ ቨርጂን ጋላክቲክ በተባለ ኩባንያ መንኮራኩር ወደ ጠፈር ጫፍ ተወስደው ተመልሰዋል። የአገሪቱ የቅርስ ባለሥልጣን ፈቅዷል፤ የሳይንስ ሰዎች ግን ያለ አንዳች ሳይንሳዊ ጥቅም የተደረገ ትዕይንት ነው ብለው አወገዙት። ስም ሲጓዝ የሚሰበር ነገር የለም፤ አጥንት ሲጓዝ ግን አለ።

አወያይ፦

ለማስተካከል ያህል፣ ሰላም «የድንቅነሽ ልጅ» እየተባለች በየጋዜጣው መጠራቷ ስሕተት ነው። ሰላም 3.3 ሚሊዮን ዓመት ስለሆናት ከድንቅነሽ 100 ሺህ ዓመት ያህል ትቀድማለች። ልጅ የሆነችው ጠፈር ላይ ብቻ ነው። ይቀጥሉ።

አስጎብኚው፦

መምህር፣ ስለ አስትሮይዷ የነገሩን ደስ ይላል፤ ከአሁን በኋላ ለእንግዶቼ እኔም እነግራቸዋለሁ። ነገር ግን ስም አይተው አውሮፕላን የሚሳፈሩ ሰዎች አላጋጠሙኝም።

ለመምህርት ስለ ፔኪንግ ሰው የምመልሰው አለኝ። የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ሲቃጠል፣ ከ11 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላት የአንዲት ሴት አፅም በውስጡ ነበር። ስሟ ሉዚያ ነው፤ የወጣላትም በእኛዋ ሉሲ መነሻነት ነው። ሉዚያ የትም አልሄደችም፤ እሳቱ ያገኛት ቤቷ ውስጥ ነው። አብዛኛው የራስ ቅሏ ከአመድ ተለቅሞ ተገኘ እንጂ፣ መቀመጥ አላዳናትም። አደጋ መንገድ ላይ ብቻ ያለ አድርገን አንናገር።

የኔታንም ልጠይቅ፤ የደጋው አፅም ለቱሪስት እስከተከፈተ ድረስ እርሱስ ትርኢት አይደለምን? ልዩነቱ አፅሙ ተቀምጦ ሰው መምጣቱ ብቻ ነው።

የአብነት መምህር፦

ልዩነቱ ያ «ብቻ» ያሉት ነው፤ ትልቁም እርሱ ነው። እንግዳ ወደ ቤቴ ሲመጣ ሥርዓቱን የማወጣው እኔ ነኝ፤ እኔ ወደ ሰው ቤት ስሄድ ግን ሥርዓቱን የሚያወጣው ባለቤቱ ነው። በፕራግ መብራቱን፣ ጽሑፉን፣ የመግቢያውን ዋጋ የወሰነው ማን ነው?

ለመምህርት፦ ልጄ፣ ያልሽው በልቤ ገብቷል። ሥርዓቱ የገዳሙ ነው፤ እኔ አላላውም። «ለማን ተጠብቋል» የሚለውን ጥያቄ ግን ቀላል ነው ብዬ አላልፈውም። ድንቅነሽን ለማን እንደምንጠብቃት ብትጠይቂኝ፣ በእውነት ለመናገር፣ እኔም በዓይኔ አይቻት አላውቅም።

የሥነ ሕይወት መምህርት፦

የኔታ፣ ስለ ቅንነትዎ አመሰግናለሁ፤ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገርዎ ከሰዓታት ክርክር ይልቅ ወደ ነገሩ አስገብታኛለች። እስቲ በዚህ ቡድን ውስጥ ድንቅነሽን ያየ ማን ነው? አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም የሄደ ሰው እንኳ ያየው ቅጂዋን ነው፤ ዋናዋ የምትቀመጠው በካዝና ነው። ከባሕር ዳር ደግሞ አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ እንደ ልብ በማይኬድበት በዚህ ጊዜ ስንት ተማሪ ነው ዓባይ በረሃን አቋርጦ ቅጂዋን እንኳ የሚያይ? ስለዚህ «ከአገር ትውጣ ወይስ አትውጣ» እያልን ስንከራከር፣ አገር የምንለው አንድን ክፍል በአንድ ከተማ ውስጥ ይመስለኛል። ድንቅነሽ ሂውስተንን፣ ሲያትልን፣ ኒው ዮርክንና ፕራግን አይታለች። ጥሩ ቅጂዋ እንኳ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ደሴ፣ ወደ ጎንደር ትምህርት ቤቶች ሲዞር አላየሁም።

ጉዳዩ ደግሞ የድንቅነሽ ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በዚሁ በክልላችን፣ በመተማ አካባቢ በሽንፋ ወንዝ ዳር፣ የዛሬ 74 ሺህ ዓመት ገደማ ሰዎች ይኖሩበት ስለነበረ ሥፍራ አስነብቦናል። ጥናቱን የመራው ያው መምህር ስሙን የጠቀሱት ካፕልማን ነው። ተመራማሪዎቹ በአፈሩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የመስተዋት ቅንጣቶች አግኝተው፣ ቅንጣቶቹ በኢንዶኔዥያ ሱማትራ ላይ ከፈነዳው ከቶባ እሳተ ገሞራ የመጡ መሆናቸውን አረጋገጡ። ከፍንዳታው በኋላ በጋው ሲረዝምና ወንዙ ወደ ኩሬነት ሲቆራረጥ፣ የሥፍራው ሰዎች አልጠፉም፤ ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ዓሣ እያጠመዱ ኖሩ። በሥፍራው የተገኙት ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ድንጋዮችም የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ብለዋል። ሰዎች ከአፍሪካ የወጡት እንዲህ ባሉ በበጋ በሚቆራረጡ ወንዞች ዳር ዳር ሊሆን እንደሚችልም ጠቁመዋል። በጣና ዳር ለሚኖር፣ ውኃው በበጋ ሲሸሽ አጥማጁ እንዴት እንደሚከተለው ለሚያውቅ ልጅ፣ ከዚህ የበለጠ ምን የሚያስተምር ታሪክ አለ? እኔ ግን ስለ ሽንፋ የሚናገር አንድ ሰሌዳ እንኳ ባሕር ዳር ውስጥ አላየሁም። ያነበብሁት ከውጭ በመጣ መጽሔት ነው።

ስለዚህ አቋሜ የሚከተለው ነው። ለምርመራ ትሂድ፣ የሚወሰደው ምስልም ሙሉ በሙሉ በእጃችን ይግባ። ለትርኢት ግን ዋናዋ አትሂድ፤ ቅጂዋ ይሂድ። ዋናዋ የግድ ትሂድ ከተባለም፣ ውሉ ለሕዝብ ይገለጥ፣ ለእያንዳንዱ የውጭ ከተማ አንድ የአገር ውስጥ ከተማ ጥራት ያለው ቅጂና አስተማሪ ይድረሰው።

የፊዚክስ መምህር፦

የመጨረሻውን ሐሳብ እደግፋለሁ። ዋናዋ ካልሄደች ማን ይመጣል የሚለው የአስጎብኚው ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም፤ ቅጂ ለማየት ፕራግ ላይ የሚሰለፍ ሰው ያን ያህል ብዙ አይመስለኝም።

ወጣቱ መሐንዲስ፦

ታላላቆቼን አክብሬ ዝም ብዬ ስከታተል ቆይቻለሁ። ስለ ቅጂ ለተነሣው ግን ትንሽ የምጨምረው አለኝ። ከዚያው ከኦስቲኑ ሲቲ ስካን የተገኙ የትከሻዋና የጉልበቷ ሦስት-አውታር ፋይሎች፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ ማንም እንዲያወርዳቸው ተለቀዋል። እኔም አውርጄ በምሠራበት ቤት ባለች ትንሽ የሦስት-አውታር ማተሚያ ጉልበቷን ለማተም ሞክሬአለሁ። የመጀመሪያው መብራት ስለጠፋ ግማሽ ላይ ቀረ፤ ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው አንድ ሌሊት ሙሉ ፈጅቶ ወጣ። ጠዋት የጎረቤት ልጆች መጥተው ሲያገላብጡት፣ የጭኗ አጥንት ወደ ውስጥ አዘንብሎ ጉልበቷ ላይ እንደሚያርፍ አሳየኋቸው። በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ እንደነበር የሚታወቀው በዚህ መሆኑን ስነግራቸው፣ አንዷ ልጅ ተነሥታ የራሷን ጉልበት እየዳሰሰች በግቢው ውስጥ ተመላለሰች። ያቺ ልጅ ስለ ፕራግ የምታውቀው ነገር የለም።

መምህርት ከፈቀዱ ጉልበቱን ለሰባተኛ ክፍል ላመጣው እችላለሁ። ትከሻውን ለማተም ግን ጀነሬተር የሚያውስ ሰው እፈልጋለሁ።

አስጎብኚው፦

ጀነሬተር አለኝ፤ ከጀልባዬ ጋር ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ክርክሬን አልተውሁም፤ ጀነሬተሩን ግን ቅዳሜ ውሰድ።

የሥነ ሕይወት መምህርት፦

በደስታ እቀበላለሁ። ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ተማሪዎቼን ይዤ እጠብቃለሁ። የቡድኑ አባላትም መምጣት ትችላላችሁ፤ ወንድም ሴት ሳይለይ።

የአብነት መምህር፦

የመጨረሻዋ ቃል ለእኔ የተወረወረች መሆኗን አውቄአለሁ፤ ይገባኛልም። ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። ወደ ፕራግ መሄዷን ግን አሁንም አልቀበልም።